«አቶን» የሚለውን የእንግሊዝኛ ግስ እንዴት በትክክል መጠቀም ይቻላል?

የአክስቴ ልጅ አሜሪካ ነው የምትኖረው። አንድ ምሽት የጽሑፍ መልእክት ላከችልኝ። የሥራ ባልደረባዋን «ሺፍትሽን እሸፍንልሻለሁ» ብላ ቃል ከገባች በኋላ ረስታዋለች። ባልደረባዋ የልጇን ልደት ትታ ወደ ሥራ ገባች። የአክስቴ ልጅ በጣም ከፍቷታል። «ጋሼ፣ ከመላኬ በፊት እይልኝ» አለችኝ። የጻፈችው «አይ ዋንት ቱ አቶን ዩ» የሚል ነበር። ልክስሽ እፈልጋለሁ ማለቷ ነው።

ስህተቱ ከየት እንደመጣ ወዲያው ገባኝ። በአማርኛ የምንክሰው ሰውን ነው። «ካሰኝ»፣ «ካሰችው»፣ «እክስሻለሁ» እንላለን። ይህ የእንግሊዝኛ ግስ ግን ሰውን እንዲህ አይዝም። ብዙ ሰው የሚሰናከለው እዚህ ላይ ስለሆነ፣ ቀስ ብለን ደረጃ በደረጃ እንየው።

መጀመሪያ፦ ድምፁን ያዙ

ኤ፣ ቲ፣ ኦ፣ ኤን፣ ኢ ተብሎ ይጻፋል። የመጀመሪያው ድምፅ አጭር «ኧ» ነው። ጉልበቱ የሚያርፈው ሁለተኛው ክፍል ላይ ነው፦ ኧ-ቶውን። ለአጻጻፍ እንዲቀል እዚህ «አቶን» እላለሁ። እሳት ከሚነድበት እቶን ጋር ዝምድና የለውም። ያለፈው ጊዜ «አቶንድ»፣ ስሙ ደግሞ «አቶንመንት» ነው።

ሁለተኛ፦ ከየት እንደተወለደ እወቁ

ይህን ክፍል አትዝለሉት። ትርጉሙ ያለው እዚህ ነው።

ቃሉን ለሁለት ክፈሉት፦ «አት» እና «ዋን»። በአንድ፣ አንድ ላይ እንደማለት ነው። ተጣልተው የነበሩ ሰዎች ሲታረቁ «አት ዋን» ሆኑ ይባል ነበር፤ አንድ ሆኑ። ታዲያ ለምን «አትዋን» ተብሎ አልቀረም? ድሮ እንግሊዞች አንድን «ዋን» ብለው አይጠሩም ነበር። ድምፁ ለ«ኦን» የቀረበ ነበር፤ «ዋ» በኋላ የመጣ ነው። የድሮው አጠራር ዛሬም «አሎን» እና «ኦንሊ» በሚሉት ቃላት ውስጥ ይሰማል። ሁለቱም የተሠሩት ከዚያው ከ«አንድ» ነው።

ዊልያም ቲንደል እ.ኤ.አ. በ1526 ባሳተመው የአዲስ ኪዳን ትርጉም «አቶንመንት» የሚለውን ቃል ተጠቅሞበታል። (ከዚህ በኋላ የምጠቅሳቸው ዓመቶችም በፈረንጆቹ አቆጣጠር ናቸው።) በ1611 የወጣው የንጉሥ ጄምስ ትርጉምም ሮሜ 5፥11 ላይ ይህንኑ ቃል አስቀመጠ። አሁን አማርኛውን መጽሐፍ ቅዱስ እዚያው ጥቅስ ላይ ግለጡት። «አሁን መታረቁን ባገኘንበት» ይላል። መታረቅ! የእኛ ተርጓሚዎች የመረጡት ቃል የእንግሊዝኛውን ሥር ቁልጭ አድርጎ ያሳያል። እኔ ይህን ሳይ ደስ ይለኛል፤ ሁለት የማይዛመዱ ቋንቋዎች አንድ ቦታ ተገናኙ።

በሼክስፒር ዘመን ግሱ ሰውን በቀጥታ ይይዝ ነበር፤ ትርጉሙም ማስታረቅ ነበር። ያኔ ቢሆን የአክስቴ ልጅ ዓረፍተ ነገር «ላስታርቅሽ እፈልጋለሁ» ማለት ይሆን ነበር። ዛሬ ይህ አጠቃቀም የለም።

ቃሉ ቀስ በቀስ ከእርቁ ወደ እርቁ መንገድ ተሻገረ። ዛሬ የሚናገረው በደልን በሥራ ስለ መካስና ኃጢአትን ስለ ማስተስረይ ነው። አይሁድ ዮም ኪፑር የሚሉት ጾም በእንግሊዝኛ «ዘ ዴይ ኦፍ አቶንመንት» ይባላል። ዘሌዋውያን ላይ በሰባተኛው ወር በአሥረኛው ቀን የተደነገገው የማስተስረያ ቀን እሱ ነው። የቤተ እስራኤል ወገኖቻችን ቀኑን አስተስርዮ ይሉታል።

ሦስተኛ፦ ከ«ፎር» ጋር እሰሩት

ሕጉ አጭር ነው። «አቶን ፎር»፣ ከዚያ ጥፋቱ። ሰውየው ሳይሆን ጥፋቱ።

«ሂ አቶንድ ፎር ሂዝ ሲንስ»፦ ለኃጢአቱ ካሳ ከፈለ፣ ኃጢአቱን አስተሰረየ።
«ሺ ዋንትስ ቱ አቶን ፎር ኸር ሚስቴክ»፦ ስህተቷን መካስ ትፈልጋለች።
«ሂ ትራይድ ቱ አቶን ፎር ላይንግ»፦ በመዋሸቱ የሠራውን በደል ለመካስ ሞከረ።

በምን እንደካሰ መጨመር ከፈለጋችሁ «ባይ» አስገቡ፦ «ባይ ሄልፒንግ ዘ ፑር»፣ ድሆችን በመርዳት። ከ«ፎር» ቀጥሎ የሰው ስም ከጻፋችሁ ግን ቆም በሉ። «ስለ እገሌ» የሚል ሌላ ትርጉም ይሰጣል። ካህኑ ስለ ሕዝቡ ያስተሰርያል ሲባል የሚመጣው እንደዚያ ነው።

አራተኛ፦ ክብደቱን መዝኑ

«አቶን» ከባድ ቃል ነው። «ሶሪ» ብሎ ለማለፍ አይሆንም። ከአፍ በላይ ሥራ ይጠይቃል፤ ብዙ ጊዜም ረጅም ሥራ።

ጆን ፕሮፊውሞን ውሰዱ። የብሪታንያ የጦር ሚኒስትር ነበር። በ1963 ከአንዲት ወጣት ጋር ስለነበረው ግንኙነት ፓርላማ ፊት ዋሸ። ውሸቱ ሲጋለጥ በዚያው ዓመት ሰኔ ላይ ሥልጣኑን ለቀቀ። ከዚያ በኋላ ወደ ፖለቲካ አልተመለሰም። በምሥራቅ ለንደን ድሆችን ወደሚረዳ ቶይንቢ ሆል ወደሚባል ድርጅት ሄዶ በበጎ ፈቃደኝነት ማገልገል ጀመረ። ለአሥርት ዓመታት እዚያው ቆየ። በ1975 ንግሥቲቱ ስለ በጎ አድራጎቱ ኒሻን ሰጠችው፤ በ2006 አረፈ። ስለ እሱ በእንግሊዝኛ ስትጽፉ «ሂ ስፔንት ዲኬድስ አቶኒንግ ፎር ሂዝ ላይ» ብትሉ ቃሉ ልክ ቦታው ላይ ተቀመጠ ማለት ነው።

የስፖርት ጋዜጠኞች ትንሽ ቀለል አድርገው ይጠቀሙበታል። ጣሊያናዊው ተጫዋች ሮቤርቶ ባጆ በ1994 የዓለም ዋንጫ ፍጻሜ ፍጹም ቅጣት ምቱን ከአግዳሚው በላይ ሰደደው፤ ዋንጫው ለብራዚል ሆነ። ከአራት ዓመት በኋላ ፈረንሳይ ላይ ከቺሊ ጋር ሲጫወቱ ሌላ ፍጹም ቅጣት ምት ተገኘ። ባጆ መታ፣ አስቆጠረ፣ ጨዋታው 2 ለ 2 አለቀ። እንዲህ ያለውን ጊዜ «አቶንድ ፎር ዘ ሚስ» ይሉታል። ያመለጠውን ካሰ።

ለስብሰባ አሥር ደቂቃ ብትዘገዩ ግን ይህን ግስ አታምጡት። ሰሚው ግራ ይገባዋል።

አምስተኛ፦ ጎረቤቶቹን ለዩ

«አፖሎጃይዝ» በቃል ይቅርታ መጠየቅ ነው። እዚያው ያበቃል።

«ኮምፐንሴት» ካሳ መክፈል ነው፤ አብዛኛውን ጊዜ ገንዘብ። ይህኛው እንደ አማርኛው ሰውን በቀጥታ ይይዛል። የዚህንና የ«አቶን»ን ልዩነት ለማየት ጀርመንን አስቡ። ናዚዎች አይሁድን ስለ ጨፈጨፉ፣ ምዕራብ ጀርመን በ1952 ለእስራኤል 3 ቢሊዮን ማርክ ለመክፈል ተፈራረመች። ይህ «ኮምፐንሴት» ነው። በእስራኤል ብዙዎች አጥብቀው ተቃወሙት፤ ደም በገንዘብ አይከፈልም አሉ። በታኅሣሥ 1970 ቻንስለር ቪሊ ብራንት ወደ ፖላንድ ዋና ከተማ ዋርሶ ሄደው በጌቶው፣ ናዚዎች አይሁድን አጉረውበት በነበረው ሰፈር፣ መታሰቢያ ፊት ተንበረከኩ። አንድ ቃል አልተናገሩም። ስለዚያ ጉልበት ስትጽፉ እጃችሁ ወደ «አቶንመንት» ይሄዳል። የወጋ ቢረሳ የተወጋ አይረሳም እንላለን፤ እዚህ ግን የወጋው ወገን አልረሳሁም አለ።

«ሜክ አሜንድስ» ለ«አቶን» በጣም ይቀርባል፣ ግን የበለጠ ሰው ተኮር ነው፦ «ሜክ አሜንድስ ቱ ኸር»። መጨረሻ ላይ ያለችው «ስ» አትለይም። ከወደቀች «አሜንድ» ይሆናል፤ እሱ ሕግ ማሻሻል ነው። በ1935 የተጀመረው ከአልኮል ሱስ የሚያገግሙ ሰዎች ማኅበር ካሉት 12 እርምጃዎች ዘጠነኛው በዚህ ቃል የተጻፈ ነው። የበደልካቸውን ሰዎች በተቻለ መጠን ራስህ ሄደህ ካሳቸው ይላል፤ መሄድህ እነሱን ወይም ሌላ ሰው የሚጎዳ ካልሆነ በቀር። ይህችን የመጨረሻ ሐረግ እወዳታለሁ። የሚቀድመው የተበዳዩ ሰላም ነው።

«ሜክ ኢት አፕ ቱ ዩ» ለዕለት ተዕለት ኑሮ ነው። ለጓደኛ፣ ለባለቤት፣ ለሥራ ባልደረባ ይሆናል። ጥፋቱ እውነተኛ ሆኖ ኃጢአት ለማለት ግን የማይበቃ ሲሆን ይህን በሉ።

ለመለማመድ፣ አማርኛውን በልባችሁ ያዙና ሁለት ነገር ጠይቁ። የምይዘው ሰውየውን ነው ወይስ ጥፋቱን? ጥፋቱ ምን ያህል ከባድ ነው? ጥፋቱን ከያዛችሁ፣ እሱም ከባድ ከሆነ፣ «አቶን ፎር»። ሰውየውን ከያዛችሁ ከሌሎቹ አንዱን ምረጡ።

ለአክስቴ ልጅ የነገርኳት ይህንኑ ነው፤ በአጭሩ። «ባዶ ቃል አትላኪላት፣ ምን እንደምታደርጊላት ጻፊላት» አልኳት። ትንሽ ዝም አለችና አዲስ መልእክት ጻፈች፦ «አይ ሌት ዩ ዳውን። ሌት ሚ ሜክ ኢት አፕ ቱ ዩ። አይ ዊል ቴክ ዮር ኔክስት ቱ ሳተርዴይስ»። የሚቀጥሉትን ሁለት ቅዳሜዎችሽን እኔ እገባልሻለሁ።

ባልደረባዋ በማግስቱ መለሰችላት። ሁለተኛውን ቅዳሜ ብቻ እንደምትፈልግ፣ ያን ቀን ልጇን መናፈሻ ልትወስድ እንዳሰበች።