ስቲልዋተርን ከጅማ ሆኖ ማጥናት

አሜሪካ ዘመድ የሌለው ቤት ጅማ ውስጥ ማግኘት እየከበደ ነው። ዘመዱ የሚኖርበትን ከተማ በቅጡ የሚያውቅ ግን ብዙም አይገኝም። «ኦክላሆማ ነው ያለችው» ይሏችኋል፤ በቃ፣ ወሬው እዚያ ላይ ያልቃል። እኔ የጂኦግራፊ አስተማሪ ነኝና ይሄ ነገር ያበሳጨኛል። ስለዚህ አንዲት ትንሽ የአሜሪካ ከተማን በስልክ ብቻ እንዴት ማጥናት እንደሚቻል ላሳያችሁ። ዓመተ ምሕረቶቹን ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ነው የምጠቅሳቸው።

መጀመሪያ ከእናንተ ጋር አንድ ነገር የሚያገናኛትን ከተማ ምረጡ። ዘመድ ሊሆን ይችላል፣ ታሪክም ሊሆን ይችላል። የእኔ ምርጫ ኦክላሆማ ውስጥ ያለችው ስቲልዋተር ናት። የጅማ ግብርና ትምህርት ቤት በ1952 ሲከፈት አስተማሪዎቹ የመጡት ከዚያ ነው፤ ዛሬ ኦክላሆማ ስቴት ዩኒቨርሲቲ ከሚባለው ኮሌጅ። የኮሌጁ ፕሬዚዳንት ሄንሪ ቤኔት በ1950 እኛ አገር መጥተው ከጃንሆይ ጋር ተነጋግረው ነበር። ትምህርት ቤቱ ሲከፈት ግን አላዩም። በ1951 መጨረሻ ኢራን ውስጥ በአውሮፕላን አደጋ ሞቱ። ጃንሆይ በበኩላቸው በ1954 ስቲልዋተር ድረስ ሄደው ኮሌጁን ጎበኙ። እንዲህ ያለ ክር ሲኖራችሁ ንባቡ አይሰለችም።

አሁን ካርታ ክፈቱ። ከንቲባው ማን ነው፣ የትኛው ዘፋኝ ተወለደባት የሚለውን ለጊዜው ተዉት። ውሃውን ፈልጉ። እኛ ጋ አዌቱ መሃል ከተማውን አቋርጦ ወደ ቦዬ ረግረግ ይወርዳል፤ ይሄን ያልያዘ ሰው ጅማን አያውቃትም። እዚያ ደግሞ ስቲልዋተር ክሪክ የሚባል ትንሽ ወንዝ አለ። ወርዶ ወርዶ ሲማሮን ከሚባለው ትልቅ ወንዝ ጋር ይቀላቀላል። ከከተማዋ በስተሰሜን ቡመር የሚባል ሐይቅ ታያላችሁ። የሐይቅን ጫፎች ልብ ብላችሁ ተመልከቱ፤ አንዱ ጫፍ በማስመሪያ የተሰመረ ያህል ቀጥ ካለ ግድብ ነው ማለት ነው። ቡመርም በ1920ዎቹ ሰው የሠራው ሐይቅ ነው።

ከፍታና ዝናብም ያዙ። ስቲልዋተር ከባሕር ወለል በላይ 300 ሜትር ግድም ናት፤ ጅማ ከ1,700 ሜትር በላይ። የእነሱ ዝናብ በዓመት 900 ሚሊ ሜትር አካባቢ ነው፤ የእኛ ወደ 1,500 ይጠጋል። ስለዚህ እዚያ ቡና አትጠብቁ። ስንዴና የቀንድ ከብት ነው ያለው። በጸደይ ደግሞ ቶርኔዶ አለ።

ከውሃው ቀጥሎ መንገድ። የሳተላይት ምስሉን ክፈቱና ከከተማው ራቅ በሉ። ገጠሩ እንደ ካሬ ደብተር ተከፋፍሎ ታገኙታላችሁ። የእያንዳንዱ ካሬ ጎን አንድ ማይል ነው፤ 1.6 ኪሎ ሜትር መሆኑ ነው። መሬቱ ሰው ሳይሰፍርበት በፊት በቀያሽ ተለክቷል። አንዱ ካሬ 640 ኤከር ይሆናል። ሩቡ 160 ኤከር፣ ማለትም 65 ሄክታር ግድም፣ ለአንድ ሰፋሪ ይሰጥ ነበር። የእኛ መንገዶች እንዲህ አይደሉም። ሂርማታ የሐሙስ ገበያ ስለነበረ ነጋዴ ከየአቅጣጫው የመጣበት መንገድ ነው ቀስ በቀስ ከተማ የሆነው። ፈረንጅ አራዳ ስትደርሱ ግን ነገሩ ይለወጣል፤ ከ1936 እስከ 1941 የቆየው ጣሊያን ያቀደው ሰፈር ነው። ቀጥ ያለ መንገድ ባያችሁ ቁጥር «ማን ለካው?» ብላችሁ ጠይቁ።

ይሄ ጥያቄ ወደ ዋናው ነገር ያመጣናል፤ ከዚያ በፊት ማን ነበረ? እዚህ ላይ አትቸኩሉ። ስለ ስቲልዋተር የተጻፉ አጫጭር ጽሑፎች ብዙውን ጊዜ ከሚያዝያ 22 ቀን 1889 ይጀምራሉ። የዚያን ቀን እኩለ ቀን ላይ ምልክት ተሰጠ። ወደ 50,000 የሚገመት ሰው በፈረስ፣ በጋሪ፣ በእግሩም ጭምር ሮጦ መሬት ያዘ። ሰዓቱ ሳይደርስ ሾልከው የገቡትን «ሱነር» ይሏቸው ነበር፤ ዛሬ ግዛቲቱ በዚሁ ስም ትጠራለች፣ በኩራት! ወደ 2 ሚሊዮን ኤከር የሚጠጋው መሬት ግን ባለቤት አልባ ሆኖ የተገኘ አይደለም። ክሪክና ሴሚኖል የሚባሉት ነባር ሕዝቦች በ1866 ውል እንዲለቁት ተደርገው ነው። እነሱ ራሳቸው ከደቡብ ምሥራቅ አሜሪካ በ1830ዎቹ ተነቅለው የመጡ ናቸው። ከእነሱም በፊት ኦሴጅ የሚባሉት ሕዝቦች ያድኑበት ነበር።

በ1884 መጨረሻም ዊልያም ካውች የሚባል ሰው የሚመራቸው ሰፋሪዎች እዚያው ወንዝ ዳር ድንኳን ተክለው ነበር። በወሩ ወታደር ከቦ አስወጣቸው። እንግዲህ ከተማዋ ስንቴ እንደተጀመረች እናንተው ፍረዱ። «ባዶ መሬት» የሚል ቃል ካጋጠማችሁ ንባባችሁን አቁሙና ሌላ ጽሑፍ ፈልጉ። የጅማን ታሪክ ከጣሊያን የሚጀምር ሰው ጅሬን ኮረብታ ላይ ከ1878 እስከ 1932 የነገሡትን ዳግማዊ አባ ጅፋርን ዘሎ ነው፤ ቤተ መንግሥታቸው እስከ ዛሬ ቆሞ እያለ።

ቀጥሎ ከተማዋን በሕይወት ያቆያት ምን እንደሆነ ፈልጉ። ትንሽ የአሜሪካ ከተማ አብዛኛውን ጊዜ አንድ ነገር ላይ የተንጠለጠለች ናት፦ ፍርድ ቤት፣ ኮሌጅ፣ ባቡር ጣቢያ፣ እስር ቤት ወይም ፋብሪካ። ስቲልዋተር የፔይን ካውንቲ (እንደ ወረዳ ያለ አስተዳደር ነው) መቀመጫ ናት፤ ትልቁ ዕድሏ ግን በ1890 የግብርና ኮሌጁን ማግኘቷ ነው። ባቡር እንኳ የገባላት በ1900 ነው። ጎረቤቷ ጉትሪ በዚያ ዘመን የኦክላሆማን ዋና ከተማነት ይዛ ነበር። በ1910 ኦክላሆማ ሲቲ ወሰደችባት። ዛሬ ጉትሪ ከስቲልዋተር በብዙ ታንሳለች። እኔ ብሆን ኮሌጁን እመርጥ ነበር።

ሰነድ ለማየት የአሜሪካ ኮንግረስ ቤተ መጻሕፍት ድረ ገጽ ላይ ግቡና ሳንቦርን የሚባሉትን ካርታዎች ፈልጉ። በነጻ ነው። የእሳት መድን ድርጅቶች የሚጠቀሙባቸው ስለነበሩ እያንዳንዱ ቤት ተሥሎባቸዋል፤ ሮዝ ቀለም ጡብ ነው፣ ቢጫ እንጨት። የተለያየ ዓመት ካርታ ጎን ለጎን አድርጋችሁ የትኛው ሱቅ ከእንጨት ወደ ጡብ እንደተቀየረ ተከታተሉ። ፋይሎቹ ከባድ ስለሆኑ ዋይፋይ ያለበት ቦታ አውርዷቸው።

የሕዝብ ቆጠራው በየ10 ዓመቱ ነው። የሰዎቹ ስም ግን ከ72 ዓመት በኋላ ነው የሚለቀቀው፤ የ1950ው በ2022 ተከፍቷል። የ2020ው ቆጠራ ለስቲልዋተር 48,394 ሰው ይላል። ተማሪ የሚቆጠረው በሚማርበት ከተማ መሆኑን ግን አትርሱ። ቁጥሩን ሙሉ በሙሉ ነባር ነዋሪ አድርጋችሁ እንዳትወስዱት።

ከዚህ በኋላ የቀረችሁን ጥያቄ ለከተማው ቤተ መጻሕፍት ጻፉ። ጥያቄው ጠባብ ይሁን። «ስለ ከተማችሁ ንገሩኝ» ካላችሁ ብሮሹር ነው የሚልኩላችሁ። «በ1952 ወደ ኢትዮጵያ ስለሄዱት አስተማሪዎች የጻፈ የከተማችሁ ጋዜጣ አለ ወይ?» ካላችሁ ግን ቁም ነገር ያለው መልስ የማግኘት ዕድላችሁ ይሰፋል። መደወል ከፈለጋችሁ በእኛ ከምሽቱ 12 ሰዓት ላይ ደውሉ። እነሱ ጋ እንደ ወቅቱ ከጠዋቱ 3 ወይም 4 ሰዓት ይሆናል፤ በእኛ አቆጣጠር ማለቴ ነው።