ስክሪኑ ጥቁር ሆኖ ለሚቀር የአይቢኤም 5150 ኮምፒውተር የፍተሻ መመሪያ

በ1981 እ.ኤ.አ. ለገበያ የቀረበው የአይቢኤም ፒሲ፣ ማለትም ሞዴል 5150፣ ተከፍቶ ስክሪኑ ጥቁር ሲሆን ብዙ ሰው ወዲያውኑ የሚጠረጥረው ሞኒተሩን ወይም የቪዲዮ ካርዱን ነው። እኔ ግን ፍተሻው ከጆሮ እንዲጀምር አጥብቄ እመክራለሁ። ማሽኑ ሲነሣ ራሱን ፈትሾ ውጤቱን በድምፅ ስለሚያሳውቅ፣ ችግሩ በየትኛው ወገን እንዳለ ካቻቢቴ ሳይነሣ መለየት ይቻላል።

ሶኬት ላይ ከመሰካትዎ በፊት ግን ከኋላ ያለውን የፓወር ሰፕላይ ጽሑፍ ያንብቡ። ለአሜሪካ ገበያ የተሠራው 120 ቮልት የሚፈልግ በመሆኑ፣ ዘመድ ከዚያ የላከውን ማሽን ቮልቴጅ የሚቀንስ ትራንስፎርመር ሳይኖር በኢትዮጵያ የ220 ቮልት መስመር ላይ መሰካት ማቃጠል ነው።

ከከፈቱት በኋላ አንድ አጭር ጢጥ የሚል ድምፅ ከሰሙ ማዘርቦርዱ፣ ማለትም ዋናው የሰርኪት ሰሌዳ፣ ፍተሻውን አልፏልና ትኩረትዎ ወደ ሞኒተሩ፣ ወደ ገመዱና በሰሌዳው ላይ ወዳሉት ትናንሽ ስዊቾች ይሁን። አንድ ረጅምና ሁለት አጭር ድምፅ የቪዲዮ ካርድ ችግር ምልክት ነው። ምንም ድምፅ ከሌለ ደግሞ ጥርጣሬው ወደ ኃይል አቅርቦቱ፣ ወደ ማዘርቦርዱና ወደ ራሙ (የማሽኑ ጊዜያዊ ማህደረ ትውስታ) ይዞራል።

አረንጓዴ ጽሑፍ የሚያሳየው የ5151 ሞኒተር የራሱ ማብሪያና ማጥፊያ የለውም፤ ኃይል የሚያገኘው ከኮምፒውተሩ ጀርባ ካለው ሶኬት ነው። ስለዚህ ገመዱ በሚገባ መሰካቱን፣ ከፊት ያሉት የብርሃንና የኮንትራስት መቆጣጠሪያዎችም እስከ መጨረሻ ዝቅ አለመደረጋቸውን ይመልከቱ። እዚህ ላይ ትልቅ ጥንቃቄ ያስፈልጋል። ባለ አንድ ቀለሙ የኤምዲኤ ካርድና ባለ ቀለሙ የሲጂኤ ካርድ ሁለቱም ባለ 9 ፒን መሰኪያ ስላላቸው ገመዱ ያለ ችግር ይገባል፤ ይሁን እንጂ የመጀመሪያው በ18.432 ኪሎኸርዝ፣ ሁለተኛው በ15.75 ኪሎኸርዝ ስለሚሠሩ፣ 5151ን ከሲጂኤ ጋር ማገናኘት ሞኒተሩን ሊያበላሸው ይችላል። የሲጂኤ ካርድ ካለዎት ክቡን የቪዲዮ መውጫ ኤንቲኤስሲ የተባለውን የአሜሪካ የቴሌቪዥን ሲግናል ከሚቀበል ቴሌቪዥን ጋር ያገናኙ፤ ምስል ከታየ ካርዱ ይሠራልና ጥፋቱ የሞኒተሩ ወይም የገመዱ ነው። የሞኒተሩን ክዳን ግን ልምድ የሌለው ሰው ፈጽሞ መክፈት የለበትም፤ ቱቦው ከሶኬት ከተነቀለም በኋላ አደገኛ ከፍተኛ ቮልቴጅ ይዞ ሊቆይ ይችላል።

ማዘርቦርዱ ላይ ካሉት ሁለት የስዊች ረድፎች በመጀመሪያው፣ 5ኛውና 6ኛው ስዊቾች ማሽኑ የትኛውን ካርድ እንደሚፈልግ ይወስናሉ። ለኤምዲኤ ሁለቱም ኦፍ ይሆናሉ፤ ለሲጂኤ በ80 ዓምድ (በአንድ መስመር 80 ፊደል ሲታይ) 5ኛው ኦን፣ 6ኛው ኦፍ ይደረጋል። ካርዱ ደኅና ሆኖ ስዊቹ በስሕተት ከተቀመጠ ማሽኑ የሌለ ካርድ ፈልጎ ያንኑ አንድ ረጅምና ሁለት አጭር ድምፅ ሊያሰማ ስለሚችል፣ ካርድ ከመለወጥዎ በፊት ይህን ያረጋግጡ፤ የካርዱን ጥርሶችም በላጲስ አጽድተው መልሰው ይሰኩ። ኢጂኤ ወይም ቪጂኤ የተባሉትን ኋላ የመጡ የቪዲዮ ካርዶች ለሚጠቀሙ ደግሞ ሁለቱም ስዊቾች ኦን መሆን አለባቸው፤ ሆኖም በ1981 እ.ኤ.አ. የወጡት ሁለቱ የባዮስ (በቺፕ ላይ ሆኖ ማሽኑን የሚያስነሣው ፕሮግራም) ዕትሞች እነዚህን ካርዶች ስለማያውቋቸው፣ የጥቅምት ወር 1982 እ.ኤ.አ. ዕትም ካልገባ በስተቀር ምስል አይገኝም።

ድምፅ ከሌለና ማራገቢያው ካልዞረ፣ ወይም ትንሽ ነቅነቅ ብሎ ከቆመ፣ ፓወር ሰፕላዩ ሾርት አግኝቶ ራሱን እያጠፋ ሊሆን ይችላል። ማሽኑን ከሶኬት ነቅለው ካርዶቹን ሁሉ ያውጡና እንደገና ይሞክሩ። አሁን ከተነሣ ጥፋተኛው ከካርዶቹ አንዱ ነው። ካልተነሣ ፒ8 እና ፒ9 የተባሉትን የኃይል መሰኪያዎች ነቅለው፣ በማዘርቦርዱ በኩል በፒ8 3ኛ ፒን፣ ማለትም በ12 ቮልቱ፣ እና በ5ኛው ፒን መካከል ያለውን ኦም (የኤሌክትሪክ መቋቋም) በቴስተር ይለኩ። ንባቡ ወደ ዜሮ ከተጠጋ በዚያ መስመር ላይ ያለ የታንታለም ካፓሲተር (ኤሌክትሪክ የሚያጠራቅም ክፍል) ሾርት ሆኗል ማለት ይቻላል። የጠብታ ቅርጽ ያለው ይህ ትንሽ ዕቃ አንዳንድ ጊዜ ጭሶ ጥቁር ምልክት ይተዋል፤ ብዙ ጊዜ ግን ምንም ሳይታይበት ይሞታልና በዓይን ብቻ አይፍረዱ። ፓወር ሰፕላዩንም ለብቻው አስነሥቶ መፈተሽ አያዋጣም፤ ጭነት ከሌለው ጤነኛ ሆኖም ላይነሣ ይችላል። መሰኪያዎቹን ሲመልሱ የሁለቱ ጥቁር ገመዶች መሀል ላይ ጎን ለጎን መሆን አለባቸው፤ ቦታ ከተለዋወጡ ማዘርቦርዱ ይቃጠላል።

ማራገቢያው እየዞረ ዝምታው ከቀጠለ ቮልቴጁን ይለኩ። 5 ቮልቱ ከ4.75 እስከ 5.25 መካከል መሆን አለበት። 4116 በተባሉ የራም ቺፖች በሚሠራው የመጀመሪያው ማዘርቦርድ ላይ ደግሞ ኔጋቲቭ 5 ቮልቱም መኖር አለበት፤ እሱ ጠፍቶ 12 ቮልቱ ከመጣ ቺፖቹ ይበላሻሉ።

ኃይሉ የተስተካከለ ከሆነ የቀረው ትልቁ ተጠርጣሪ የመጀመሪያው የራም ረድፍ ነው። ማሽኑ የመጀመሪያውን 16 ኪሎባይት ሲፈትሽ ስሕተት ካገኘ ያለ ድምፅና ያለ ምስል ይቆማል። የረድፉ ዘጠኝ ቺፖች በስታኞ የተበየዱ ስለሆኑ በቀላሉ አይወጡም። መጀመሪያ ለጥቂት ደቂቃዎች አብርተው በጣም የሚግል ቺፕ መኖሩን በጥንቃቄ ይዳስሱ። ከዚያ ማሽኑን አጥፍተው፣ ተመሳሳይ ጤነኛ ቺፕ የጎድጓዳ ምልክቱን አቅጣጫ ጠብቀው እግሮቹ እንዲነካኩ በተጠርጣሪው ጀርባ ላይ ይደርቡና ያብሩ። ማሽኑ ከተነሣ የሚለወጠው ቺፕ ታውቋል። ካልተነሣ ግን ያ ቺፕ ነጻ ነው ማለት አይደለም፤ መስመሩን ጎትቶ የያዘ ብልሹ ቺፕ በድረባ ስለማይታለፍ፣ ተነቅሎ በሶኬት ላይ በተሰካ አዲስ ቺፕ መተካት ይኖርበታል።