ኪልት እንዴት ይለበሳል? (እንደኔ እንዳትዋረዱ)

ኪልት (የስኮትላንድ ወንዶች የሚለብሱት ባለ ሽንሽን ጉርድ) የለበሰ ወንድ ያየ ሰው ሁሉ የሚጠይቀው ያው አንድ ጥያቄ ነው፣ ከስር ምን አለ የምትለዋን። እኔ ደሞ አንዴ ለብሼው ጉድ ከሆንኩ በኋላ ሌላ ጥያቄ ነው የምጠይቀው፦ ወገብህ የት ነው? አትሳቁ፣ አብዛኞቻችን አናውቀውም፣ ሱሪ ነው ያስረሳን።

ነገሩ እንዲህ ነው። ስኮትላንዳዊ ጓደኛዬ ኤድንብራ ላይ ሲያገባ ሚዜዎቹ በሙሉ ኪልት እንድንለብስ ተባለ። እዛ አገር ለሰርግ ኪልት መከራየት ሙሉ ልብስ እንደመከራየት ነው፣ ማንም አይገርመውም። አከራዮቹ ቁጥሬን ሲጠይቁኝ ደረቴን ነፍቼ 34 አልኳቸው፣ የጂንሴን። የሰርጉ ቀን ጠዋት ወገቤ ላይ አልዘጋ አለኝ፣ ብስበው ብስበው እምቢ፣ በመጨረሻ ከቦርጬ ስር አወረድኩትና በመጨረሻዋ ቀዳዳ ቆለፍኩት። ታዲያ ወገቡ ሲወርድ ጫፉም አብሮ ይወርዳል አይደል፣ ቅልጥሜ ላይ ደረሰ። ፎቶው ላይ አምስት ሰው ጉልበቱ ይታያል፣ ስድስተኛው የአክስቱን ጉርድ ተውሶ የመጣ ነው የሚመስለው።

ስለዚህ የመጀመሪያው ስራ መለካት ነው፣ እዚህ ላይ ጊዜ ውሰዱ። ኪልት የሚታሰረው ዳሌ ላይ አይደለም፣ እምብርት አካባቢ ነው፣ ጂንስ ከሚያርፍበት በጣም ከፍ ብሎ። የልብስ ሰፊ ሜትር (ያቺን ለስላሳዋን፣ የአናጢውን ብረት ተዉት) በእምብርታችሁ ዙሪያ አዙሩ፣ ሆድ ሳትስቡ፣ ወንድ ሁሉ እዚህ ጋ ሆዱን ይስባል እኔም ስቤያለሁ፣ ግን ምሳ ስትበሉ የሳባችሁት ሆድ ተመልሶ ይመጣል። እኔ በኋላ ስለካው 38 ኢንች ሆኖ አገኘሁት። 34 የሚለው የሱሪ ቁጥር ከቦርጭ ስር ስለሚታጠቅ ነው የሚበቃን፣ ደሞ ብዙ የሱሪ አምራቾች ደስ እንዲለን ቁጥሩን ያሳንሱልናል። ቀጥሎ መቀመጫችሁን በጣም ሰፊው ቦታ ላይ ለኩ። ከዛ ቁመት፣ ከእምብርት ትይዩ ጀምሮ እስከ ጉልበት ሎሚ መሀል። ይቺን ራሳችሁ እንዳትለኩ፣ ጎንበስ ብላችሁ ቁጥሩን ለማየት ስትሞክሩ ሜትሩም አብሮ ይንሸራተታል፣ ሌላ ሰው ይለካላችሁ፣ እናንተ ፊት ለፊት እያያችሁ ቀጥ ብላችሁ ቁሙ። ለማጣራት ደሞ ከለበሳችሁ በኋላ ወለል ላይ ተንበርከኩ፣ ጫፉ ከወለሉ ሁለት ሦስት ሳንቲ ሜትር ከፍ ካለ ልክ ነው። ወለሉ ላይ ከተጠቀለለ ረዝሟል ወይ ደሞ እንደኔ አውርዳችሁታል ማለት ነው።

መግዛት የምትፈልጉ ካላችሁ፣ ትክክለኛው 8 ያርድ የሚባለው ነው፣ ከ7 ሜትር በላይ ጨርቅ ማለት ነው፣ አብዛኛው ከኋላ ሽንሽን ውስጥ ነው የሚገባው። ሱፍ ከሆነ በያርድ 16 አውንስ የሚመዝነውን ከባዱን ምረጡ፣ ስትራመዱ የሚወዛወዘው በክብደቱ ነው፣ ንፋስም ቶሎ አያነሳውም። ለቱሪስት የሚሸጡት ቀላልና በቬልክሮ የሚዘጉት ለኔ የትያትር ልብስ ናቸው፣ ባይገዙ ይሻላል። በእጅ የተሰፋ አዲስ ኪልት በመቶዎች የሚቆጠር ፓውንድ ነው፣ አንድ ቀን ለመልበስ ከሆነ ተከራዩ በቃ። አዲስ ከሆነ ሽንሽኑን ለመያዝ በሰፋፊው የተሰፋ ክር ይኖረዋል፣ እሱ ጌጥ አይደለም፣ ከመልበሳችሁ በፊት ፍቱት።

አሁን አለባበሱ። ሸሚዝና ካልሲ አስቀድሙ፣ ኪልቱን ከታጠቃችሁ በኋላ ጎንበስ ማለት ስራ ነው። ከዛ ኪልቱን ከጀርባችሁ ዘርጉት፣ ሽንሽኑ መቀመጫችሁ ላይ (ከፊት ያደረገ ሰው በአይኔ አይቻለሁ)። በግራና በቀኝ ሽንሽን የሌለው ሜዳ ጨርቅ እጃችሁ ላይ ይቀራል። መጀመሪያ በቀኝ እጃችሁ ያለውን ወደ ግራ አምጡት፣ ይሄ የውስጠኛው ነው። ጫፉ ላይ የቆዳ ማሰሪያ አለችው፣ እና አሁን ልብ በሉ፣ በግራ በኩል ወገቡ ላይ ትንሽ ስንጥቅ አለች፣ ማሰሪያዋ በሷ ሾልካ ወደ ውጪ ወጥታ ነው ውጪ ካለው ዘለበት ጋር የምትቆለፈው። እኔ ስንጥቋን ቀዳዳ መስሎኝ፣ ያረጀ ኪልት ሰጡኝ ብዬ ተነጫንጬ ማሰሪያዋን ውስጥ ወሸቅኳት፣ ቀኑን ሙሉ ጎኔን ስትወጋኝ ዋለች። ከዛ የግራውን በላዩ ላይ ወደ ቀኝ አምጡና ቀኝ ጎን ላይ ቆልፉ። ቀኝ በኩል ዘለበቱ ሁለት ከሆነ የላይኛው ነው የሚሸከመው፣ የታችኛው ጨርቁን አስተካክሎ ለመያዝ ብቻ ስለሆነ አታጥብቁት፣ ካጠበቃችሁት ከኋላ ሽንሽኑ ይከፈታል። ሲያልቅ መስታወት ፊት ቁሙና ከፊት ያለው የጨርቁ ካሬ ጥለት መሀል መስመሩ ከእምብርታችሁ ጋር መግጠሙን እዩ።

የኔን ያስተካከለልኝ የሙሽራው አጎት ነው፣ እየሳበኝ እያዞረኝ ታሪክ ያወራልኛል። በብሪታንያ ንጉስ ላይ ከተነሳው ከ1745ቱ (በፈረንጆች) አመፅ በኋላ የለንደን ፓርላማ በ1746 የሃይላንድን፣ ማለትም የስኮትላንድ ደጋማ አገር ሰዎችን ልብስ፣ ኪልትን ጨምሮ፣ ለወንዶች ከለከለ፣ ወታደር ካልሆንክ በቀር። መጀመሪያ ስትያዝ ስድስት ወር እስር፣ ስትደግም ባህር ማዶ ለሰባት አመት መጋዝ። እስከ 1782 ድረስ 36 አመት እንዲህ ቆየ። ሰው የታሰረበትን ልብስ አንተ ከቦርጭህ ስር ታንጠለጥለዋለህ የሚል ነገር ፊቱ ላይ አነበብኩ፣ በአፉ ባይለኝም። መርፌ ቁልፍና የሚስቱን ቀበቶ ይዞ ግማሽ ሰአት ታግሎ ጫፉን ትንሽ ከፍ አደረገልኝ።

ፒኗ፣ ማለትም የኪልት መርፌ፣ ቀኝ ታችኛው ጥግ ላይ ነው የምትሰካው፣ ከጫፉ አስር ሳንቲ ሜትር ገደማ ከፍ ብላ። የላይኛውን ጨርቅ ብቻ! ስራዋ በክብደቷ ጨርቁን ወደ ታች መያዝ ነው፣ ሁለቱን ጨርቅ አንድ ላይ መስፋት አይደለም። አንዱ ሚዜ ንፋስ ፈርቶ ሁለቱንም አንድ ላይ ሰካው፣ መኪና ሲገባ እግሩን ከፈት ሲያደርግ ቀጭ አለ፣ የተከራየው ሱፍ ላይ ጣት የሚያስገባ ቀዳዳ።

ኪልት ኪስ የለውም፣ ስለዚህ ከፊት የምትንጠለጠለው ቦርሳ፣ ስፖራን የሚሏት፣ ኪሳችሁ ናት። ከቀበቶው ዘለበት አንድ የእጅ ወርድ ያህል ዝቅ ትበል። ስትጨፍሩ ወደ ጎን አዙሯት፣ ምክንያቱን አንዴ ስትዘሉ ትረዱታላችሁ። ካልሲው ከጉልበት ሎሚ አራት ጣት ዝቅ ብሎ ይታጠፋል፣ በላስቲክ ይያዛል፣ ከእጥፋቱ ስር የላስቲኩ ሪባን ብቅ ትላለች። ጫማው ምላስ የለውም፣ ረጅሙን ክር ጠምዝዛችሁ ቁርጭምጭሚት ላይ አዙራችሁ ከፊት እሰሩት፣ ወደ ባት ግን አታውጡት፣ የባሌት ዳንሰኛ ያስመስላል። ካልሲ ውስጥ የምትሻጠዋን ትንሽ ቢላ ከፈለጋችሁ በምትጠቀሙበት እጅ በኩል፣ በአውሮፕላን የምትመለሱ ከሆነ ግን ከእጅ ሻንጣ አውጧት።

መቀመጥ ልምምድ ይፈልጋል፣ ቤት ውስጥ አስር ጊዜ ሞክሩት። ወደ ወንበሩ ዝቅ ስትሉ በእጃችሁ ጀርባ ሽንሽኑን ከወገብ ወደ ታች ጠረግ አድርጉና ተቀመጡበት፣ አለበለዚያ በባዶ ጭናችሁ ነው ወንበሩ ላይ የምታርፉት፣ ሽንሽኑም ተጨማዶ ይነሳል። ከፊት ደሞ ጨርቁ በጭናችሁ መሀል እንዲወድቅ ተዉት፣ ስፖራኗ ትጫነዋለች። እግር ማነባበር የለም። ደረጃ ስትወጡ ከኋላችሁ ማን እንዳለ እዩ።

ከስር ምን አለ ለሚለው፣ የተከራየ ልብስ ነው ወንድሜ፣ ከናንተ በፊት ማን እንደለበሰው አታውቁም፣ ፓንት ልበሱ።

ሲያልቅ ለካውያ አትቸኩሉ፣ በወገቡ በኩል በማንጠልጠያ ቆንጥጣችሁ ስቀሉት፣ ሱፍ በራሱ ክብደት ይስተካከላል። የራሳችሁ ከሆነና ሻንጣ ውስጥ የሚገባ ከሆነ ሽንሽኑን ደርድራችሁ በቁመቱ እንደ ምንጣፍ ጠቅልሉትና የተቆረጠ የሴት ስቶኪንግ ውስጥ ክተቱት፣ ሳይጨማደድ ይደርሳል። የኪራይ ከሆነ ደሞ ስፖራኗን ሳትፈትሹ እንዳትመልሱ። የኔ የቤት ቁልፍ ከሦስት ሳምንት በኋላ በፖስታ ነው የመጣልኝ።