ሞተር በስንጥቅ አየር ሲስብ፦ ፍተሻ ላይ የሚደጋገሙ ስህተቶች

ሞተሩ እየሠራ፣ ክዳኑ በተበሳ ሃይላንድ ቤንዚን ማኒፎልድ (አየር ወደ ሲሊንደሮቹ የሚያደርሰው ቱቦ) ዙሪያ መርጨት ይቁም። ጅማ ውስጥ ወጣት መካኒኮች ቫኪዩም ሊክ (አየር የሚገባበት ስንጥቅ) ፍለጋ ሲጀምሩ መጀመሪያ የሚያነሡት እሱን ነው፤ ከሁሉም ስህተት የከፋው ደግሞ እሱ ነው። የቤንዚን ትነት አየር ላይ ሲንሳፈፍ እሳት ለመያዝ ከተላጠ የካንዴላ ገመድ የሚዘል አንድ ብልጭታ ይበቃዋል። ከዚያ በኋላ እሳቱ የሚያገኘው የነዳጅ ቱቦውን ነው። ደግሞም ውጤቱ አይታመንም። ቤንዚኑ ወደ ታች ይፈስሳል፣ ትነቱን ቬንትሌተሩ ይበትነዋል፣ ከፊሉ በአየር ፊልትሮው በኩል ይገባል። የሞተሩ ድምፅ ሲቀየር «ተገኘ!» ተብሎ ደህና ጓርኒሲዮን (ማሸጊያ) ይፈታል።

በምትኩ በጸጉር ቤት መርጫ ውሃ ተጠቀሙ። ውሃው ስንጥቁን ለቅጽበት ይደፍነዋል፤ ፉጨቱ ይቆማል ወይም ሚኒሞው (ነዳጅ ሳይረገጥ ያለው ዙር) ይለወጣል። ብቻ ኤሌክትሪክ መያዣዎች ላይ አትርጩ። የካርቡሬተር ማጽጃ ስፕሬይ ካላችሁም እሱም እሳት ይይዛል፤ ሞተሩ በጣም ሳይግል፣ ማጥፊያ አጠገባችሁ አድርጋችሁ፣ ለአንድ ሰከንድ ብቻ ርጩ። ከፊልትሮው ከሚርቀው ቦታ ጀምሩና ከእያንዳንዱ ርጭት በኋላ ከ5 እስከ 10 ሰከንድ ጠብቁ። ዓይናችሁ ስካነሩ (የመኪናውን ኮምፒውተር የሚያነበው መሣሪያ) ላይ፣ ሾርት ትሪሙ (ኮምፒውተሩ ለቅጽበቱ የሚጨምረው ወይም የሚቀንሰው ነዳጅ በመቶኛ) ላይ ይሁን። ሚኒሞን ራሱ የሚቆጣጠር ኮምፒውተር የዙሩን ለውጥ ሊደብቅባችሁ ይችላል፤ ስፕሬዩ በስንጥቁ ሲገባ ግን ትሪሙ ይወርዳል።

«ጉልበት አጣ» የተባለን መኪና ሁሉ ስንጥቅ አለበት ብሎ መነሣትም ብዙ ቀን ያስበላል። በሚኒሞ ጊዜ ስሮትሉ (የአየር መግቢያው በር) ዝግ ስለሆነ ማኒፎልዱ ውስጥ ያለው መሳብ ኃይለኛ ነው፤ በትንሽ ስንጥቅ የሚገባው አየር ከጠቅላላው ትልቅ ድርሻ ይይዛል። ነዳጁ እስከ መጨረሻ ሲረገጥ መሳቡ ሊጠፋ ይቃረባል፣ የስንጥቁ ድርሻም ከቁጥር አይገባም። ስለዚህ በሚኒሞ ጸጥ ብሎ የሚሠራ፣ ግን ጊቤን ተሻግሮ ወደ ወልቂጤ ሲወጣ የሚያቅተው መኪና ካለ መጀመሪያ የነዳጅ ፊልትሮውን፣ ፓምፑንና የተደፈነ ማርሚታን ተመልከቱ። ለመለየት ሞተሩ ከሞቀ በኋላ ሾርትና ሎንግ ትሪሙን (ሎንጉ ኮምፒውተሩ በጊዜ ብዛት የለመደው ነው) ደምሩ፤ አንዴ በሚኒሞ፣ አንዴ በ2,500 ዙር። በሚኒሞ 20 በመቶ ገደማ ተጨምሮ በ2,500 ወደ 5 ከወረደ አየር በስንጥቅ እየገባ ነው። ዙሩ ሲጨምር ትሪሙም ከወጣ ነዳጅ አንሷል ወይም የአየር መለኪያው ቆሽሿል። ይህ ንባብ አየር መለኪያቸው ፊልትሮው አጠገብ ላለ መኪኖች ነው። መለኪያው ማኒፎልዱ ላይ ሲሆን ኮምፒውተሩ የገባውን አየር ስለሚያየው ትሪሙ ብዙ ሳይለወጥ ሚኒሞው ሊጨምር ይችላል።

አንድ ስንጥቅ ግን ዳገት ላይም ጉልበት ይቀማል፦ ከአየር መለኪያው እስከ ስሮትሉ ያለው የታጠፈ ጎማ። ሞተሩ ጭነት ሲሰማው ወደ ጎን ያዘነብላል፣ ጎማውን ይስበዋል፣ እጥፋቱ ውስጥ የተደበቀው ስንጥቅ ይከፈታል። ቆሞ ሲታይ ጤነኛ ነው። አውጥታችሁ እያንዳንዱን እጥፋት በጣት ለጥጡት፤ የታችኛውን ጎን አትርሱ።

የቫኪዩም ጌጅ (የማኒፎልዱን መሳብ የሚለካ መርፌ ያለው መሣሪያ) ለሚጠቀሙ፦ መጽሐፍ ላይ ያለው ከ17 እስከ 21 የሜርኩሪ ኢንች የባሕር ጠለል ቁጥር ነው። በየ300 ሜትሩ 1 ኢንች ገደማ ይቀነሳል። ጅማ 1,780 ሜትር ገደማ ላይ ስላለች እዚህ ከ11 እስከ 15 ኢንች ላይ ያልተንቀጠቀጠ መርፌ ጤነኛ ነው። ስንት ደህና ማኒፎልድ በዚህ ቁጥር ምክንያት ተፈትቷል! የማኒፎልድ ግፊት ሴንሰርም ቁልፉ በርቶ ሞተሩ ሳይነሣ እዚህ 82 ኪሎፓስካል ገደማ ማሳየት አለበት፤ 101 የባሕር ዳርቻ ነው።

ሞቆ የመጣን መኪና ብቻ መፈተሽም ያሳስታል። የማኒፎልድ ጓርኒሲዮን ብዙ ጊዜ ጠዋት በብርድ ያሾልክና ብረቱ ሲሞቅ ይገጥማል። መኪናው ይደር፤ ጠዋት ሲነሣ ፈትሹት።

ፒ0171 (ነዳጅ አንሷል የሚለው ኮድ) ስለወጣ ኦክስጅን ሴንሰር አትቀይሩ፤ ሴንሰሩ ያየውን ነው የተናገረው። ሚኒሞውን በብሎን ከፍ ማድረግ ስንጥቁን አይዘጋም። የዘይት ክዳንና የዘይት መለኪያ ዘንጉ በደንብ መግጠማቸውን ሳታዩ ደግሞ ምንም አትፍቱ።

ጎሚስታ ቤት ያለውን ኮምፕሬሰር በቀጥታ ማኒፎልዱ ላይ መግጠም ደህናውን ማሸጊያ ይበጥሳል። የጭስ ፍተሻ (ጭስ ማኒፎልዱ ውስጥ ነፍቶ የሚወጣበትን ማየት) የሚፈልገው ከ0.03 እስከ 0.07 ባር ብቻ ነው፤ የግፊት መቀነሻ ከሌላችሁ ተዉት።

የፍሬን ሰርቮውን (በማኒፎልዱ መሳብ ፔዳሉን የሚያቀልለውን) ብዙዎች ይዘሉታል። ሞተሩን አጥፍታችሁ ፔዳሉን አራት ጊዜ ርገጡ፣ እንደረገጣችሁ አስነሡ፤ ፔዳሉ ትንሽ ካልወረደ ሰርቮው ወይም ቱቦው ችግር አለበት። ሚኒሞው ፔዳል ሲረገጥ ከተናወጠ ውስጡ ያለው ላስቲክ ተቀድዷል። ቱቦውን በተራ ቀጭን ጎማ አትተኩት፤ በመሳቡ ይጣበቅና ፍሬኑ ይደርቃል።

ከጥገናው በኋላ ኮዱን ብቻ ሳይሆን ሎንግ ትሪሙንም አጥፉ። ካልጠፋ ኮምፒውተሩ የለመደውን ትርፍ ነዳጅ መስጠቱን ለተወሰነ ጊዜ ይቀጥላል፣ ጭሱ ቤንዚን ይሸታል፣ ደንበኛው «አበላሻችሁት» ይላል። ከዚያ አጋሮ ድረስ ነድታችሁ ተመለሱና ትሪሙን እንደገና አንብቡ፤ በሚኒሞም በ2,500 ዙርም ከ10 በመቶ በታች ከሆነ ቁልፉን ለባለቤቱ ስጡ።