የልጅ ልደት በቤት፦ ሦስት ሰዓት፣ አሥራ አምስት ልጅ፣ አንድ ሳሎን

ልጄ አምስት ዓመት ሲሞላት የደገስነው ድግስ የሰርግ ታናሽ ነበር። ሞንታርቦ ተከራየን። ሳሎኑ በሮዝ ፊኛ ተሸፈነ። እሷ ገላዋን የሚያሳክክ ቀሚስ ለብሳ ከአንዱ ፎቶ ወደ ሌላው ስትጎተት ዋለች። የተጠሩት ልጆች ሶፋ ላይ ተደርድረው፣ ሰሃን ጭናቸው ላይ አስቀምጠው፣ እርስ በርስ እየተያዩ ሁለት ሰዓት ሙሉ ተቀመጡ። የሳቁትና የጨፈሩት ትልልቆቹ ናቸው። ኬኩ አንድ የቤተሰብ ወዳጅ ሳይመጣ አይቆረስም ተባለ። ሰውዬው ሲደርስ ባለ ልደቷን አያቷ ጭን ላይ እንቅልፍ ወስዷታል። ቀስቅሰን ሻማውን አስነፋናት። ፎቶው ላይ ዛሬም ዓይኗ ግማሽ ተከድኖ ይታያል።

በስድስተኛ ዓመቷ ሞንታርቦውንም ዲኮሩንም ዶሮ ወጡንም ተውናቸው። ወጪው ከግማሽ በታች ወረደ። ልጆቹ ደግሞ ሲመሽ አንሄድም ብለው በር ላይ አለቀሱ። ከዚያ ወዲህ በየዓመቱ የምናደርገው የሚከተለውን ነው።

1. ቀኑን ቁረጡ

ልደቱ የሚውልበት ቀን ማክሰኞ ከሆነ ማክሰኞ ማታ ለቤተሰብ ዳቦ ቁረሱና ድግሱን ወደ ቅዳሜ ወይም እሑድ ውሰዱት። ልጅ ሁለት ጊዜ ቢከበርለት አይከፋውም።

የትኛው ቀን ነው የሚለውም ራሱ ያከራክራል። መስከረም 1 ቀን 2012 የተወለደ ልጅ በፈረንጆቹ ሴፕቴምበር 12 ነው የተወለደው። በዓመቱ እንቁጣጣሽ ሴፕቴምበር 11 ላይ ዋለች። ከመስከረም እስከ የካቲት የተወለዱ ልጆች ይህ የአንድ ቀን መንሸራተት ይገጥማቸዋል። አንዱን ዘመን አቆጣጠር ምረጡና ጽኑበት። አለበለዚያ ውጭ ያሉት ዘመዶች አንድ ቀን ቀድመው ወይም ዘግይተው ይደውላሉ፣ እናንተም ረስታችሁት ኖሮ ትደነግጣላችሁ።

ጾምንም አስቡ። ዐቢይ ጾም 55 ቀን ነው፣ የነቢያት ጾም ከኅዳር 15 እስከ ገና ዋዜማ ይዘልቃል፣ በፍልሰታ ደግሞ ከነሐሴ 1 ጀምሮ ትንንሾቹም ሳይቀሩ ይጾማሉ። በነዚህ ወራት ማክበር ክልክል ነው ማለቴ አይደለም። ኬኩ የጾም ይሁን፣ በቃ። በረመዳን ከሆነ ደግሞ የሚጾሙ ታላላቅ ልጆች ፊት ምግብ መደርደር ደስ አይልም፤ ከዒድ በኋላ ቢሆን ይሻላል።

2. የምትጠሩትን ልጅ ቁጠሩ

በቁጥር ላይ ጨክኑ። እኛ ቤት ጣሪያው አሥራ አምስት ነው። ስድስት ከትምህርት ቤት፣ አራት ከጎረቤት፣ የተቀረው የአጎትና የአክስት ልጅ። አሥራ አምስት ስትሉ አሥራ ስምንት ይመጣል፤ የአንዷ ታናሽ፣ የአንዱ ታላቅ ተከትሎ ይገባል። ለሦስት ትርፍ ልጅ ተዘጋጁ እንጂ አትናደዱ።

ኮንዶሚኒየም የምትኖሩ ከሆነ የፎቁን ልጆች መዝለል አይቻልም። ድምፁን ሰምተው ደረጃው ላይ ይሰበሰባሉ። ደጅ ቆሞ ፊኛ የሚያይ ልጅ እያለ ውስጥ ኬክ መቁረስ ይከብዳል። ከትምህርት ቤት የሚጠሩትን ቀንሱና የፎቁን ልጆች አስገቡ።

3. ሰዓቱን መግቢያም መውጫም አድርጋችሁ ጻፉ

«ቅዳሜ ከቀኑ 8 ሰዓት እስከ 11 ሰዓት» ብላችሁ በስልክ መልእክት ላኩ። መውጫውን መጻፍ ነውር የሚመስላቸው አሉ። ነውር የለውም፤ ወላጅ መቼ መጥቶ ልጁን እንደሚወስድ ያውቃል። «ከቀኑ» የሚለውን ቃልም አትርሱ። እኔ «8 ሰዓት» ብቻ ብዬ ጽፌ ከዋሽንግተን ለእረፍት የመጣች አክስቷ በፈረንጅ ሰዓት ቆጠረችው። ከምሽቱ 2 ሰዓት ላይ ስጦታዋን ተሸክማ ስትደርስ ቤቱን ጠርገን ጨርሰናል።

ለትንንሽ ልጆች ሦስት ሰዓት ይበቃል። ከአራት ዓመት በታች ከሆኑ ሁለትም ብዙ ነው።

4. በእጅ የሚበላ ምግብ

ልጅ ልደት ላይ ቁጭ ብሎ አይበላም። እየሮጠ ይመጣል፣ ያነሳል፣ ይሄዳል። ስለዚህ እንጀራና ወጥ ለልጆቹ አይሆንም። እኛ የምንሠራው የምስር ሳምቡሳ፣ የድንች ጥብስ፣ በትንንሹ የተቆረጠ ድፎ ዳቦ፣ ሙዝና ብርቱካን ነው። ሳምቡሳ ለአንድ ልጅ ሦስት ሦስት አስቡ። ፈንዲሻ ደግሞ የግድ ነው፤ ግማሽ ኪሎ በቆሎ ሲፈነዳ ትልቅ ሳፋ ይሞላል።

ሥጋ አናቀርብም። የክርስቲያኑም የሙስሊሙም ልጅ ሳይጠይቅ ከአንድ ትሪ እንዲበላ ይሄ ቀላሉ መንገድ ነው። የምስሩ ሳምቡሳ ጾመኛ ቢኖርም ያድናል። ኦቾሎኒ የማይስማማው ልጅ እንዳለ እናቶችን አስቀድማችሁ ጠይቁ።

ለስላሳውን ኬኩ እስኪቆረስ ደብቁት። ገና ሲገቡ ስኳር የጠጡ አሥራ አምስት ልጆች ምን እንደሚሆኑ አይቼዋለሁ። በጆግ ውሃ፣ በጠርሙስ ደግሞ የቤት ጭማቂ ይበቃል።

አንድ ነገር በጥብቅ፦ ፈንዲሻና ቆሎ ከአራት ዓመት በታች ላሉ ልጆች አይሰጥም። እየሮጡ ሲበሉ ያንቃቸዋል። የፈነዳ ፊኛ ቁራጭም እንዲሁ፤ ወዲያው ከወለል ይለቀም።

5. ኬኩ

ለሃያ ልጅ ሁለት ኪሎ ይበቃል። ልጅ ከክሬሙ ይልስና ቂጣውን ይተወዋል፤ ትልቅ ቁራጭ መስጠት ለቆሻሻ መጣያው መደገስ ነው።

ስም የሚጻፍበት ከሆነ በወረቀት ጽፋችሁ ስጡ። እኔ አንድ ዓመት በስልክ ነግሬ፣ ሌላ ስም ተጽፎበት መጣ። ልጄ ገና ፊደል አልቆጠረችም ነበር፤ ምንም አላወቀችም። ያነበበው የጎረቤታችን ልጅ ነው። ኬኩን አየት፣ እሷን አየት አደረገና ጮክ ብሎ «ይሄ የማን ልደት ነው?» አለ። በማንኪያ ስሙን ጠርጌ፣ ከላዩ ብስኩት ፈርፍሬ አለፍኩት።

ኬኩን መሃል ላይ፣ ዘጠኝ ሰዓት ተኩል ገደማ ቁረሱ። ማንንም አትጠብቁ። አባትየው ስብሰባ ቢኖረው፣ አጎትየው መንገድ ቢዘጋጋበት፣ ሰዓቱ ሲደርስ ሻማው ይለኮሳል። ክብሪት ቤት ውስጥ መኖሩን ጠዋት አረጋግጡ፤ ሁሌም የሚጠፋው በዚያ ሰዓት ነው። ሻማ በሚበራበት ጊዜ ያንን አረፋ የሚረጭ ቆርቆሮ ማንም እንዳይነካ። ጋዙ ይቀጣጠላል።

6. ጨዋታው

ጊዜያችሁንም ሐሳባችሁንም እዚህ ላይ አውሉት። ሌላው ሁሉ ቢበላሽ ልጆቹ ከተጫወቱ ልደቱ ሰምሯል።

መጀመሪያ የሚያስቸግረው ልጆች በአንድ ጊዜ አለመምጣታቸው ነው። ቀድሞ የመጣ ያፍራል፣ እናቱን የሙጥኝ ይላል። ለዚህ ወለሉ ላይ ካርቶን ዘርጉና ከለር በትኑ። እያንዳንዱ የራሱን ዘውድ ይሥራ። የካርቶኑን ጥርስ እናንተ ቀድማችሁ ቁረጡት፣ እነሱ ቀለም ይቀቡ፣ በፕላስተር አጣብቁላቸው። የዘገየ ልጅም መሃል ላይ ቁጭ ብሎ ይቀላቀላል።

አብዛኞቹ ሲሰበሰቡ ወደ ደጅ ውጡ። ግቢ ካለ ግቢ፣ ከሌለ የብሎኩ ፊት ለፊት ወይም የኮሙናሉ ደጅ። እኛ የምንጀምረው በሎሚ ሩጫ ነው። በእንቁላል የሚያደርጉት አሉ፤ ሎሚ ግን አይሰበርም፣ አይጸዳም፣ በኋላም ለሻይ ይሆናል። ልጆቹን በሁለት ረድፍ አቁሙ። ከፊታቸው አሥር እርምጃ ያህል ርቀት ላይ ሁለት ወንበር አስቀምጡ። እያንዳንዱ ልጅ የሾርባ ማንኪያ ላይ ሎሚ ይዞ ወንበሩን ዞሮ ይመለስና ለቀጣዩ ያቀብላል። ማንኪያው በእጅ እንጂ በጥርስ አይያዝ፤ የወደቀ ልጅ ጉሮሮውን ይጎዳል።

ባለፈው ዓመት የሦስት ዓመቱ የአጎቷ ልጅ ሎሚውን በአውራ ጣቱ ጫን አድርጎ ይዞ፣ ምላሱን አውጥቶ፣ ቀስ እያለ ሄደ። ታላላቆቹ «አጭበረበረ!» ብለው ጮኹ። አያቷ ከደጃፉ «ዝም በሉ፣ እሱ ገና ነው» አሉ። ወንበሩ ጋ ሲደርስ ሎሚውን ወንበሩ ላይ አስቀመጠና ባዶ ማንኪያውን ይዞ ተመለሰ። ሁለቱም ቡድን አጨበጨበለት። ማን እንዳሸነፈ ከዚያ በኋላ ያስታወሰ የለም።

የወንበር ጨዋታን ታውቁታላችሁ። ዘፈኑ ሲቆም ወንበር ያጣ ይወጣል። ችግሩ የሚወጣው ልጅ ነው፤ ያለቅሳል፣ ጥግ ይዞ ያኮርፋል፣ ብሎም ፈንዲሻ ይደፋል። እኛ ደንቡን ቀየርነው። ወንበር ይቀነሳል፣ ልጅ አይቀነስም። ወንበር ያጣ ጓደኛው ጭን ላይ ይቀመጣል። መጨረሻ ላይ አሥራ አምስቱ ልጅ ሁለት ወንበር ላይ ለመንጠልጠል ሲታገል የሚሰማው ሳቅ ለሞንታርቦ ከከፈልነው ሁሉ ይበልጣል። የፕላስቲኩ ወንበር ግን ይሰበራልና ጠንካራውን የእንጨት በርጩማ አምጡ።

ገመድ ጉተታ፣ ሰኞ ማክሰኞ፣ አኩኩሉ ምንም ዝግጅት አይፈልጉም። ጠመኔ ካላችሁ ሰኞ ማክሰኞውን አስፋልቱ ላይ አስምሩና ተዉአቸው። ከሃያ ደቂቃ በላይ አንዱን ጨዋታ አትጎትቱ። ገና ሳይሰለቻቸው ወደሚቀጥለው እለፉ።

ከኬኩ በኋላ ጉልበታቸው ይፈላል፤ አሥር ደቂቃ ይጨፍሩ። ዘፈኑ ሲቋረጥ ሐውልት ሆነው ይቁሙ። ከዚያ ማብረድ ያስፈልጋል። እኛ ቤት ይሄን የሚሠሩት አያቷ ናቸው። ልጆቹን ምንጣፉ ላይ ይሰበስቡና «እንቆቅልህ!» ይላሉ። የመጀመሪያ ዓመት «ምን አውቅልህ!» ብሎ የመለሰላቸው ግማሹ ብቻ ነበር፤ አሁን ሁሉም ያውቃል። መልሱ ሲጠፋ «አገር ስጡኝ» አሉ። አንዱ ልጅ «ዱባይን ውሰዱ» አላቸው። አልቀበልም ብለው ተከራከሩ። በመጨረሻ ከጎንደር ጋር ተጨምሮ ተሰጣቸው።

ሽልማት ካላችሁ ለሁሉም ይሁን፤ እርሳስ፣ ላጲስ፣ ሁለት ከረሜላ። ለአሸናፊው ብቻ ከሆነ ቀኑ በለቅሶ ያልቃል።

7. ትልልቆቹን ለዩ

እናቶች ልጃቸውን ጥለው አይሄዱም፤ ደስም ይላል። ግን ሶፋው ላይ ሲቀመጡ ልጆቹ መጫወቻ ያጣሉ። ቡናውን በረንዳ ላይ ወይም ሌላ ክፍል አፍሉ። ረከቦትና ከሰል ልጅ ከሚሮጥበት ይራቅ። ሁለት ሰው ግን ከቡናው ተነጥሎ ከልጆች ጋር ይዋል፦ አንዱ ጨዋታ መሪ፣ አንዱ በር ጠባቂ። ጨዋታ መሪ የምታደርጉት አሥራ አምስት ወይም አሥራ ስድስት ዓመት የሞላውን የዘመድ ልጅ ይሁን። ከማናችንም የተሻለ ይጮሃል።

ፎቶ አንሺም አንድ ሰው ይሁን። አሥር ስልክ ሻማው ፊት ሲዘረጋ ልጅቷ ኬኩን አታየውም።

8. ዝናብና መብራት

ከሰኔ እስከ መስከረም ከሰዓት በኋላ ደጅ መጫወትን አትመኑ። ክረምት ላይ ከሆነ ድግሱን ከጠዋቱ 4 ሰዓት ላይ አድርጉት፤ ዝናቡ ብዙ ጊዜ ከምሳ በኋላ ነው። መብራት ስለሚጠፋ ስፒከሩን ማታ ቻርጅ አድርጉ፣ ሳምቡሳውንም ከረፋዱ ጥበሱ። ስፒከሩም ከሞተ ድስት አለ። ድስት እየደበደቡ የወንበር ጨዋታ መጫወት እንዲያውም ይበልጥ ይጥማል።

9. መሸኛና ስጦታ

ስጦታ እንግዳ ፊት አይከፈትም። አንዱ ትልቅ አሻንጉሊት፣ አንዱ ደብተር ይዞ መጥቷል፤ ማነጻጸሩ ለማንም አይጠቅም። ማታ እቤት ውስጥ ክፈቱት። ሲከፈት ማን ምን እንዳመጣ ወረቀት ላይ ጻፉ፣ ነገ ልጃችሁ ራሷ ደውላ እንድታመሰግን።

አሥራ አንድ ሰዓት ሲሆን ለእያንዳንዱ ልጅ የቀረውን ዳቦና አንድ ፊኛ ሰጥታችሁ፣ ዘውዱን አናቱ ላይ አድርጋችሁ ሸኙት። ጫማ መለዋወጥ አይቀርም። የእኔ ልጅ በጥቅምት ነው የተወለደችው፤ ፈንዲሻው ከሶፋው ሥር እስከ ጥምቀት ድረስ ይገኛል።