የገጠር ቤተ ክርስቲያን ስትሠሩ ጭቃውን በሲሚንቶ አትለስኑት

በመንዝም ሆነ በተጉለት አነስተኛ ክብ ቤተ ክርስቲያን እንደ ጥንቱ ለመሥራት ያሰባችሁ ምእመናን፣ እባካችሁ የጭቃውን ግድግዳ በሲሚንቶ አትለስኑት። ጭቃ እርጥበት ስቦ መልሶ ያስወጣል። ሲሚንቶ ሲደረብበት ግን ውኃው ውስጥ ይታገታል፤ ልስኑ ተሰንጥቆ ይረግፋል፣ ከጀርባው ያለው እንጨትም ይበሰብሳል። ያማረ መስሎን የቤተ እግዚአብሔርን ዕድሜ ማሳጠር ያሳዝናል።

የአባቶቻችን ምርጊት ይሻላል። አፈሩን ከጤፍ ጭድ ጋር አቡኩት፤ ውኃ እየጨመራችሁና እየረገጣችሁ ሁለት ሳምንት ያህል አቆዩት። ጭዱ ከጭቃው ጋር ሲዋሐድ ምርጊቱ አጥብቆ ይይዛል፣ ሲደርቅም ብዙ አይሰነጠቅም። የመጀመሪያው ምርጊት በደንብ ሳይደርቅ ሁለተኛውን አትደርቡ። ሥራው በበጋ ይለቅ።

ከዝናብ የሚያድነው ግን ጣራው ነው። ክፈፉ ከግድግዳው ራቅ ብሎ ይውጣ፤ መሠረቱ ከመሬት ከፍ ብሎ በድንጋይ ይገንባ፤ ዙሪያውን የጎርፍ መውረጃ ቦይ ቆፍሩ። ለምሰሶ ጽድ ወይም ወይራ ምረጡ፤ ባሕር ዛፍ በርካሽ ቢገኝም ምስጥ ቶሎ ይበላዋል። ይሁንና የቆየ የቤተ ክርስቲያን አጸድ ለዚህ ተብሎ እንዳይቆረጥ!

ለክዳን የእኛን አገር ጓሳ የሚያህል ሣር አላውቅም። የመንዝ ሕዝብ ከ17ኛው ክፍለ ዘመን ጀምሮ ቄሮ በሚባለው የቀድሞ የጋራ መሬት አጠባበቅ ሥርዓት ሲጠብቀው የኖረ ሀብት ነውና ማኅበረሰቡ በፈቀደው ወቅት ብቻ እጨዱ። የመቅደሱን፣ የቅድስቱንና የቅኔ ማኅሌቱን ልክ መሠረት ከመቆፈሩ በፊት ከካህናቱ ጋር ጨርሱ።