ከሰደድ እሳት በኋላ የናዳ ሥጋት ሲጠና ሊወገዱ የሚገባቸው ስህተቶች

በመጋቢትና በሚያዝያ 2011 ዓ.ም. የሰሜን ተራሮች ብሔራዊ ፓርክ ሲቃጠል የአካባቢው ሕዝብ እሳቱን ለማጥፋት ከመረባረቡ በላይ ከኬንያ ሄሊኮፕተር፣ ከእስራኤልም የእሳት አደጋ ባለሙያዎች መጥተው ነበር። እንዲህ ያለ እሳት ሲጠፋ ሁሉም እፎይ ይላል፤ የጂኦሎጂ ባለሙያው ሥራ ግን የሚጀምረው ያን ጊዜ ነው። በጎንደር ደጋዎች ሰደድ እሳት የሚነሣው የጓሳ ሣሩና የአስታ ቁጥቋጦው በደረቁበት በበጋው ማብቂያ ገደማ በመሆኑ፣ ክረምቱ እስኪገባ የሚቀረው ጊዜ ሁለት ወይም ሦስት ወር ብቻ ነው። ከዚህ በታች የማነሣቸው ስህተቶች በአብዛኛው ከዚህ ጥድፊያ የሚመጡ ናቸው፤ አንዳንዶቹን እኔም ፈጽሜአቸዋለሁ።

የመጀመሪያው ስህተት የምናጠናውን አደጋ በትክክል አለማወቅ ነው። በዚህ አገር ያለን ባለሙያዎች የመሬት መንሸራተትን በዐይናችን ያየነው በአብዛኛው እንደ ሊማሊሞ ባሉ ቦታዎች ነው። ከደባርቅ ቁልቁል ሲወረድ በሚታየው በዚያ ገደል፣ በተደራረበው ባዛልት መካከል የበሰበሰ ለስላሳ ንብርብር ውሃ ይዞ ይቆይና የላዩን መሬት ያንሸራትታል። ስለዚህ በተቃጠለ ተዳፋት ላይም ስንወጣ የመሬት ስንጥቅ፣ የተጣመመ ዛፍና አዲስ ምንጭ ፍለጋ እንገባለን። ሆኖም ከእሳት በኋላ በመጀመሪያው ክረምት የሚወርደው ናዳ ብዙውን ጊዜ እንዲህ ያለ ምልክት አያሳይም፤ አመጣጡም ሌላ ነው። ቅጠሉና ሣሩ ስለሌለ የዝናቡ ጠብታ ራቁቱን ያለውን አፈር ይመታል፤ አመዱ የአፈሩን ቀዳዳ ይደፍናል፤ ከሥሩም ውሃ የማያሳልፍ ስስ ንብርብር ይኖራል። መስረግ ያልቻለው ውሃ በተዳፋቱ ላይ በትንንሽ ቦዮች ተንዶልዱሎ ፈፋው ውስጥ ይገናኛል፤ በዚያም አመዱን፣ አፈሩን፣ ድንጋዩንና የተቃጠለውን ግንድ እየጠራረገ ሲወርድ እንደ ሊጥ የወፈረና ቋጥኝ የሚሸከም ጭቃ ይሆናል። በመሆኑም በቅድሚያ ሊጠና የሚገባው የተዳፋቱ ጫፍ ብቻ ሳይሆን ውሃ የሚሰበሰብበት ፈፋ ጭምር ነው። በአሜሪካ ባለሙያዎች ለዚህ ሥራ በሚጠቀሙበት ስሌት ውስጥ 23 ዲግሪና ከዚያ በላይ ተዳፋትነት ያለውና በመካከለኛ ወይም በከፍተኛ ደረጃ የተቃጠለ መሬት ስፋት አንዱ መለኪያ የሆነው በዚሁ ምክንያት ነው።

ሁለተኛው፣ በእኔ እምነት ከሁሉም የከፋው ስህተት፣ ጥናቱን እሳቱ በቆመበት ድንበር ላይ ማቆም ነው። እሳቱ ያረፈው ከላይ፣ ሰው በብዛት በማይኖርበት ከፍታ ላይ ሊሆን ይችላል፤ ጭቃው የሚያርፈው ግን ከታች፣ ፈፋው ከገደሉ ወጥቶ ሜዳ ላይ በሚዘረጋበት፣ አፈሩ ለም፣ ውሃውም ቅርብ ስለሆነ ሰው ቤት በሠራበት ቦታ ነው። እ.ኤ.አ. በጥር 9 ቀን 2018 በካሊፎርኒያ ሞንቴሲቶ በተባለች ከተማ 23 ሰዎች የሞቱት በዚህ ዓይነት ናዳ ነበር፤ ከከተማዋ በላይ ያለውን ተራራ ያቃጠለው እሳት በወቅቱ ሙሉ በሙሉ ገና ቁጥጥር ሥር አልዋለም ነበር፤ ጭቃው የጠረጋቸው ቤቶች ደግሞ ከተቃጠለው መሬት በታች ያሉ ነበሩ። ስለዚህ ባለሙያው ፈፋውን ይዞ በእግሩ እስከ መጨረሻው መውረድ አለበት። ሲወርድም ጎርፍ ያስቀመጠውን ደለል ናዳ ካስቀመጠው ክምር መለየት ይጠበቅበታል፤ የጎርፍ ደለል በመጠን በመጠኑ የተነባበረ አሸዋና ጠጠር ሲሆን፣ የናዳ ክምር ግን ትልቁ ቋጥኝ ከጭቃው ጋር ያለ ሥርዓት የተደባለቀበት፣ በፈፋው ግራና ቀኝም እንደ ካብ የተደረደረ ነው። በመንገዱ ላይ የቆየ የጽድ ዛፍ ካለ ወደ ላይ በሚያየው በኩል ቅርፊቱ ተልጦ እንደ ሆነ፣ ጠባሳውም ምን ያህል ከፍታ ላይ እንዳለ መለካት የቀድሞውን ናዳ ከፍታ ይነግራል።

የሳተላይት ካርታን ሳይመረምሩ ማመን ሌላው ስህተት ነው። ካርታው የሚያሳየው በይበልጥ በዕፀዋቱ ላይ የደረሰውን ለውጥ እንጂ አፈሩ ምን እንደሆነ አይደለም። በነፋስ የሚጋልብ የጓሳ እሳት መሬቱን አጥቁሮት ሲያልፍ ከርቀት ያስፈራል፤ ሥሩ ግን ብዙ ጊዜ ከነሕይወቱ ይቀራል። በአንጻሩ በአስታ ቁጥቋጦ ውስጥ ለረጅም ሰዓት ሲብሰለሰል የቆየ እሳት ሥሩን ሳይቀር አክስሎ ነጭ አመድ ይተዋል። ጥቁሩን ቦታ አደገኛ፣ ነጩን ቀላል አድርጎ የመዘገበ ሰው ነገሩን ገልብጦታል።

የአፈሩን ውሃ የማሳለፍ ችሎታ ለመፈተን የሚደረገው የውሃ ጠብታ ምርመራ ቀላል ቢመስልም በተሳሳተ መንገድ ሲሠራ ደጋግሜ አይቻለሁ። አንዳንዱ ጠብታውን አመዱ ላይ ያደርገዋል፤ አመዱም ወዲያው ስለሚመጠው «አፈሩ ጤነኛ ነው» ብሎ ይጽፋል። ውሃ የማያሳልፈው ንብርብር ግን አብዛኛውን ጊዜ ጥቂት ሳንቲሜትር ዝቅ ብሎ ነው የሚገኘው። ስለዚህ አመዱን በቀስታ ጠርጎ፣ አፈሩንም በአንድ አንድ ሳንቲሜትር እየፋቁ በየደረጃው መፈተን ያስፈልጋል፤ ጠብታው ከ5 ሰከንድ በላይ ሳይሰርግ ከቆየ አፈሩ ውሃ ይገፋል ማለት ነው። ባልተቃጠለው ጎረቤት መሬት ላይም ያንኑ መድገም ይገባል፤ ምክንያቱም በበጋ የደረቀ አፈር ሳይቃጠልም ውሃ ሊገፋ ስለሚችል፣ ማነጻጸሪያ የሌለው ውጤት የእሳቱን ሥራ አይነግረንም።

በዝናብ መረጃ ረገድ፣ ጠዋት 3 ሰዓት ላይ በቀን አንድ ጊዜ የሚነበብ የዝናብ መለኪያ ለዚህ ሥራ አይበቃም። ቀኑን ሙሉ ሲያካፋ የዋለ 40 ሚሊሜትር ዝናብ ምንም ሳያደርስ ሊያልፍ ይችላል፤ በ15 ደቂቃ ውስጥ የወረደ 10 ሚሊሜትር ግን ናዳ ለማስነሣት ሊበቃ ይችላል። ከተቃጠለው ተዳፋት አጠገብ በየደቂቃው የሚመዘግብ መለኪያ ሳይተክሉ ክረምቱን መጠበቅ ዋናውን ማስረጃ ማጣት ነው።

ሽማግሌዎችን መጠየቅ ተገቢ ነው፤ የሚጠየቀው ጥያቄ ግን ብዙ ጊዜ የተሳሳተ ነው። «አባቴ፣ እዚህ ናዳ ወርዶ ያውቃል?» ሲባሉ በእውነት «ኧረ አያውቅም ልጄ» ይላሉ፤ ትዝታቸው ግን ተራራው ለምለም በነበረበት ዘመን ያዩት ስለሆነ፣ ከእሳቱ በኋላ ስላለው ተራራ ማረጋገጫ ሊሆን አይችልም። «ይህ ቋጥኝ እዚህ ሲመጣ ያስታውሳሉ? ከዚያ በፊትስ ላይኛው ዱር ተቃጥሎ ነበር?» ብሎ መጠየቅ የተሻለ መልስ ያስገኛል።

የራስን ደኅንነት መዘንጋትም አለ። በሐምሌ 2016 ዓ.ም. በጎፋ ዞን የደረሰው ናዳ ከእሳት ጋር ግንኙነት ባይኖረውም፣ የተቀበሩትን ለማውጣት የተሰበሰቡ ሰዎች በሁለተኛው ናዳ ማለቃቸው ለእኛም ማስጠንቀቂያ ነው። ክረምት ከገባ በኋላ ከሰዓት በላይኛው ተራራ ላይ ደመና ሲጠቁር ፈፋ ውስጥ መገኘት አይገባም፤ የጅረቱ ውሃ በድንገት ከደፈረሰ ወይም ከጎደለ መሣሪያንም ትቶ ወደ ጎን ከፍታ መውጣት ያስፈልጋል።

አንድ ክረምት በሰላም ካለፈ በኋላ ጥናቱን መዝጋትም ትክክል አይደለም። ሣሩ መልሶ ቢያቆጠቁጥም የሞቱት ሥሮች በጥቂት ዓመታት ውስጥ ስለሚበሰብሱ፣ አፈሩን የያዘው ማሰሪያ የሚላላው ተራራው የዳነ በሚመስልበት ጊዜ ነው። ያን ጊዜ ነው ስንጥቅ የመፈለጊያው ወቅት የሚመጣው።

በመጨረሻም ውጤቱ በቀለም ካርታ ታትሞ በቢሮ መደርደሪያ ላይ ሊቀር አይገባም። ገበሬው «ከፍተኛ ሥጋት» የሚለው ቃል ምን እንዲያደርግ እንደሚጠይቀው አያውቅም። ግንቦት ሳያልቅ ቀበሌው ድረስ ሄዶ፣ የትኛው መሻገሪያ በዝናብ ሰዓት እንደማይታለፍ፣ የትኞቹ ቤቶች ሌሊት ኃይለኛ ዝናብ ሲጀምር ባዶ መሆን እንዳለባቸው፣ ሰውና ከብቱ በየትኛው ጉብታ ላይ እንደሚሰበሰቡ ቦታው ላይ ቆሞ በጣት ማሳየት ያስፈልጋል።